ድንጋይ ከሰማይ፦ ከስምንተኛው ሺ እስከ ሚያዝያ 5

ልጅ አባቱን ቀና ብሎ ሲመልስለት፣ የጤፍ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ሲተኮስ፣ ዝናቡ ያለ ወሩ ሲወርድ "ወይ ስምንተኛው ሺ!" ማለት ለምዶብናል። አባባሉ ከአፋችን ስለማይጠፋ ከጀርባው ስሌት እንዳለ እንዘነጋለን። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ነው። በዚያ ላይ 1,500 ሲጨመር 7,000 ይሞላል። ስለዚህ ሰባተኛው ሺ በ1500 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ አለቀ፤ በማግስቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1501 ዓ.ም.፣ ስምንተኛው ሺ ገባ። አፄ ናዖድ ያን ዘመን እንዳያዩ ፈጣሪያቸውን ለምነው ነበር ይባላል። ልመናቸው ሠመረ፤ ዘመን ሊለወጥ አንድ ወር ሲቀረው፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ አረፉ። ዙፋኑ ገና ለአቅመ አዳም ላልደረሰው ልጃቸው ለልብነ ድንግል ተላለፈ። ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላ የኢማም አሕመድ ጦር ሽምብራ ኩሬ ላይ የንጉሡን ሠራዊት ሲሰብር የናዖድን ጸሎት ያስታወሰ ሰው ሳይኖር አይቀርም።

በዚህ ስሌት የተጨነቅነው እኛ ብቻ አልነበርንም። ሞስኮዎች ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,508 ዓመት ብለው ስለሚቆጥሩ 7,000 የሞላባቸው ከእኛ 16 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1492 ነው። የፋሲካ ማውጫ ሰንጠረዣቸው የተጻፈው እስከዚያች ዓመት ብቻ ነበር። ዓለም ካለፈች በኋላ ፋሲካ የሚያከብር ማን ሊኖር! ዓመቷ አለቀች፣ ፀሐይም እንደ ልማዷ ወጣች፤ የሞስኮው ሜትሮፖሊታን ዞሲማም ለሚቀጥሉት ዓመታት አዲስ ሰንጠረዥ ማውጣት ግድ ሆነበት። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የዞሲማን ድካም ያውቀዋል።

የዓለም ፍጻሜ ይመጣባቸዋል ከሚባሉት መንገዶች መካከል አቶሚክ ቦምብ፣ ወረርሽኝና የምድር ሙቀት ለዘመናችን ቅርብ ናቸው። እኔ ግን የምተርከው ከሁሉም ጥንታዊ የሆነውን፣ የሰው ልጅ ደግሞ ዛሬ ቀኑንና ሰዓቱን ሳይቀር አስቀድሞ ሊያሰላው የደረሰበትን ነው፤ ከሰማይ የሚወድቀውን ድንጋይ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።

ሞስኮ ሰንጠረዧን በምታድስበት በዚያው 1492፣ ኖቬምበር 7 ቀን፣ አልዛስ ውስጥ ኤንሲስሃይም በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ እኩለ ቀን ግድም ሰማዩ አጓራ። 127 ኪሎ ያህል የሚመዝን ጥቁር ድንጋይ የስንዴ ማሳ ላይ ወደቀ። ሲወድቅ ያየው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። የከተማው ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣና ለገድ ይሆነኛል እያለ ድንጋዩን ይፈልጥ ጀመር፤ ሹማምንቱ ደርሰው ከለከሉ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ በዚያ ያለፈው የጀርመኑ ንጉሥ ማክሲሚልያን ደግሞ ድንጋዩን የራሱ የድል ምልክት ነው ብሎ ተረጎመው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲቀመጥም አዘዘ። ከተፈለጠ የተረፈው፣ ከግማሽ የሚያንሰው፣ ዛሬም እዚያው ከተማ ይታያል። በዚያ ዘመን ከሰማይ የወረደ ነገር መልእክት እንጂ ድንጋይ አልነበረም፤ ክርክሩም መልእክቱ ለማን ነው የሚል ብቻ ነበር።

ይህን ልማድ ያናጋው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ ነው። በ1682 የታየችውን ጅራታም ኮከብ በዓይኑ ተከታተለ፤ ቆይቶም የቀድሞዎቹን መዛግብት ሲያገላብጥ በ1531 እና በ1607 የታዩት ሁለቱ መንገዳቸው ከእርሷ ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። ሦስት ኮከቦች ሳይሆኑ አንዲት ተመላላሽ ናት አለ። በ1758 ተመልሳ እንደምትመጣም ጽፎ አስቀመጠ። እርሱ በ1742 ሞተ፤ እርሷ በቀጠሮዋ፣ በ1758 የፈረንጆች ገና ምሽት ታየች። የንጉሥ ሞትና የጦርነት አብሳሪ ስትባል የኖረችው ኮከብ እንደ ዓመት በዓል ቀን የሚቆረጥላት ሆነች። ይሁን እንጂ ሃሌይ ራሱ ሌላ ፍርሃት ትቶ አልፏል። በ1694 ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ባነበበው ጽሑፍ የኖኅ ዘመን የጥፋት ውኃ የመጣው ምናልባት ጅራታም ኮከብ ምድርን ገጭቷት ይሆናል ብሎ ነበር። ጅራታሟ ከዚያ በፊት ምልክት ነበረች፤ ከሃሌይ በኋላ ራሷ መዓት መሆን ትችል ነበር። በ1773 ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሰው ላላንድ ወደ ምድር ሊቀርቡ ስለሚችሉ ጅራታሞች ጽሑፍ ማዘጋጀቱ ተሰማ፤ ጽሑፉ ገና ሳይነበብ ፓሪስ የፍጻሜው ቀን ተቆርጧል በሚል ወሬ ተናወጠች። ላላንድ እንዲህ አላልኩም ብሎ ማስተባበያ እስከ ማሳተም ደረሰ።

የሚገርመው፣ ኮከብ ምድርን ይገጫል ብለው የሚጨነቁት እነዚያው ሊቃውንት ድንጋይ ከሰማይ ይወድቃል የሚለውን የገበሬ ወሬ ሰምተው ይስቁ ነበር። በ1794 ጀርመናዊው የፊዚክስ ሰው ክላድኒ እነዚህ ድንጋዮች ከምድር ውጭ የመጡ ናቸው ብሎ መጽሐፍ ሲጽፍ ተሳለቁበት። በኤፕሪል 1803 ግን ሌግል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ አካባቢ በጠራራ ቀን ወደ 3,000 የሚጠጉ ድንጋዮች ዘነቡ። ወጣቱ የሳይንስ ሰው ዣን ባቲስት ቢዮ ነገሩን እንዲያጣራ ተላከ፤ መንደር ለመንደር ዞሮ ገበሬውንም ቄሱንም ጠየቀ፤ ድንጋዮቹ የወደቁበትን ስፍራ በካርታ ላይ አሰፈረ። ሪፖርቱ ሲነበብ ሳቁ ቆመ። የገበሬ ምስክርነት በሊቃውንት ጉባኤ ፊት የረታበት ቀን ስለሆነ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ።

ድንጋዮቹ ከየት እንደሚነሱም ፍንጩ በዚያው ሰሞን ተገኝቶ ነበር። በ1801 የመጀመሪያዋ ቀን ጣሊያናዊው መነኩሴ ጁሴፔ ፒያዚ በፓሌርሞ ሆኖ በማርስና በጁፒተር መካከል የምትንቀሳቀስ ትንሽ ብርሃን አየ፤ ሴሬስ አላት። ጥቂት ሳምንት ከተከታተላት በኋላ ወደ ፀሐይ ብርሃን ገብታ ጠፋችበት። የ24 ዓመቱ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በእጅ በተጻፉ ጥቂት ልኬቶች ብቻ መንገዷን አሰላና "እዚህ ፈልጓት" አለ። ዓመቱ ሳያልቅ እዚያው ተገኘች። ዛሬ አስትሮይድ የምንላቸው የድንጋይ መንጋ ቆጠራ ያኔ ተጀመረ፤ የሚጠፋውንም በስሌት መልሶ ማግኘት ያኔ ተለመደ። ከመንጋው እየተነጠሉ ወደ ምድር ጎዳና የሚገቡ እንዳሉ ግን እስኪታወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ያ ሳይታወቅ አንዱ መጣ።

ጁን 30 ቀን 1908፣ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 1900 ዓ.ም.፣ ማለዳ ላይ ነው። ሳይቤርያ ውስጥ ቱንጉስካ ከሚባለው ወንዝ አካባቢ ሰማዩ ለሁለት የተከፈለ መሰለ። ፍንዳታው ከደረሰበት 65 ኪሎ ሜትር ርቆ ደጁ ላይ የተቀመጠ ሰው ሸሚዙ የተቀጣጠለ እስኪመስለው ሙቀቱ ጠበሰው፤ ወዲያው ነፋሱ አንሥቶ ወረወረው። ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደን፣ 80 ሚሊዮን የሚገመት ዛፍ፣ እንደ ታጨደ ጤፍ አንድ ፊት ተኛ። በሚቀጥሉት ሌሊቶች የአውሮፓ ሰማይ አልጨልም ብሎ ለንደን ውስጥ በእኩለ ሌሊት ጋዜጣ ይነበብ ነበር፤ አንባቢዎቹ ግን ብርሃኑ ከየት እንደ መጣ አያውቁም። ሩስያም ብትሆን ከጦርነት ወደ አብዮት ስትጋልብ ስለ ነበር አጣሪ የደረሰው ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1927 ነው። ሊዮኒድ ኩሊክ ረግረጉንና ትንኙን አልፎ ሲደርስ ግዙፍ ጉድጓድና የብረት ክምር አገኛለሁ ብሎ ነበር። ያገኘው ሌላ ነው፤ ዙሪያውን ሁሉ ዛፉ ወድቆ፣ መሐሉ ላይ ግን ቅርንጫፋቸውን የተገፈፉ ግንዶች እንደ ስልክ እንጨት ቆመው። ጉድጓድ የለም፤ ድንጋይም የለም። ነገሩ መሬት ሳይነካ አየር ላይ ፈንድቶ ነበርና። ኩሊክ ደጋግሞ ተመለሰ፣ ረግረጉን አስቆፈረ፣ ምንም አላገኘም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች ተማርኮ በ1942 በተስቦ ሞተ። ያ ድንጋይ ስፋቱ ከ50 እስከ 60 ሜትር ቢሆን ነው። ሰው በሌለበት ጫካ መውደቁ ዕድል ብቻ ነው፤ ሌላ ስም አላገኝለትም።

ከቱንጉስካው ፍንዳታ ሁለት ዓመት በኋላ የሃሌይ ኮከብ ቀጠሮ ደረሰ። በ1910 የሥነ ፈለክ ሰዎች የጅራቷን ብርሃን ሲመረምሩ ሲያኖጅን የሚባል መርዛማ ጋዝ አገኙባት፤ ምድር ደግሞ ሜይ 18 እና 19 በጅራቷ ውስጥ ታልፋለች። ካሚይ ፍላማርዮን የተባለው ዝነኛ ፈረንሳዊ ጋዙ ሕይወትን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል ብሏል ተብሎ በጋዜጣ ወጣ። ጅራቱ ከአየር እጅግ የሳሳ ነው፣ አንዳች አያደርስም ብለው ሌሎች ቢጮኹ ማን ይስማቸው። አሜሪካ ውስጥ ሰው የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ደፈነ፤ "የጅራታም ኮከብ ክኒን" የሚቸበችቡም ብቅ አሉ። እኛ ዘንድ 1902 ዓ.ም. ነበር። ምኒልክ በሕመም ተይዘው፣ እቴጌ ጣይቱ በመጋቢት ወር ከሥልጣን ተገፍተው፣ አልጋው በሹክሹክታ የሚጠበቅበት ወቅት። ጅራታም ኮከብ የንጉሥ ሞት ምልክት ነው የሚባልበት አገር ውስጥ ከዚህ የከፋ ጊዜ መርጣ ልትመጣ አትችልም ነበር። ምድር በጅራቷ አለፈች፤ አንድም ሰው አላሳለም።

ኩሊክ ያጣው ዓይነት ጉድጓድ ግን ሌላ ቦታ ነበር፦ አሪዞና በረሃ ውስጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት፣ 170 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አለ። የመንግሥት የመሬት አጥኚዎች የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው ሲሉ፣ ባሪንጀር የሚባል የማዕድን ባለሀብት ግን ከሰማይ የወደቀ ብረት የቆፈረው ነው ብሎ ከ1903 ጀምሮ ገንዘቡን እዚያ ውስጥ አፈሰሰ። ብረቱን አላገኘም፤ ከምድር በታች የሚጠብቀው ሀብት እንደሌለ ስሌቱ በተነገረው ሰሞን፣ በ1929፣ ሞተ። ስለ ብረቱ ተሳስቶ ስለ ጉድጓዱ ግን ልክ ነበር። ይህን ያረጋገጠው የመሬት አጥኚው ዩጂን ሹሜከር ነው። ኔቫዳ ውስጥ የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ የፈጠራቸውን ጉድጓዶች አጥንቶ የአሪዞናው ቁርጥ እነርሱን እንደሚመስል አየ። በ1960 ደግሞ እርሱና ባልደረቦቹ እጅግ ከባድ ግፊት ካልደረሰበት የማይፈጠር ማዕድን እዚያው አለት ውስጥ አገኙ። ዓለምን ያጠፋል ተብሎ የተፈራው መሣሪያ ከሰማይ የሚመጣውን ሌላ አጥፊ አሻራ ለማንበብ ጠቀመ ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ነገሩ የአንድ ከተማ ያህል አደጋ ይመስል ነበር። የዓለም ፍጻሜ የሚለው ቃል ወደ ሳይንስ የገባው ከጣሊያን ተራራ በተነሣ አንድ ጣት በማይሞላ ጭቃ ነው።

ጉቢዮ የምትባል ጥንታዊ ከተማ አጠገብ የኖራ ድንጋይ ገደል አለ፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ። የታችኛው ገጽ የዳይኖሰሮች ዘመን ነው፤ የላይኛው እነርሱ የሌሉበት። በመካከላቸው አንድ ሴንቲ ሜትር የምታክል የሸክላ አፈር ንብርብር አለች። ዋልተር አልቫሬዝ የተባለ አሜሪካዊ የመሬት አጥኚ ይህች ንብርብር ለመከማቸት ስንት ዓመት ፈጀባት ብሎ ጠየቀ። አባቱ ሉዊስ የኖቤል ተሸላሚ የፊዚክስ ሰው ነበርና አንድ ዘዴ አመጣ፤ ኢሪዲየም የሚባለው ብረት ከምድር ቅርፊት እምብዛም አይገኝም፤ ከጠፈር ግን ከአቧራ ጋር ቀስ እያለ ሁልጊዜ ይዘንባል፤ ስለዚህ መጠኑን ብንለካ እንደ ሰዓት ያገለግለናል አለ። ኬሚስቶቹ ፍራንክ አሳሮና ሄለን ሚሼል በርክሊ ላይ ለኩት። ቁጥሩ ከጠበቁት 30 እጥፍ ያህል ሆነ። ዴንማርክ ውስጥ ካለው ተመሳሳይ ንብርብር ሲለካ ደግሞ ከዚያም በለጠ። ሰዓት ፈልገው ገዳይ አገኙ። በ1980 አራቱ ባወጡት ጽሑፍ፣ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አስትሮይድ ምድርን ገጭቶ ዳይኖሰሮችን አጥፍቷል ብለው ጻፉ።

ጉድጓዱ የታለ? ተባሉ። ያን ያህል ድንጋይ የሚተወው ጉድጓድ አገር ያክላል፤ የት ተደበቀ? ሉዊስ አልቫሬዝ መልሱን ሳይሰማ በ1988 ሞተ። መልሱ ግን አስቀድሞ በአንድ የነዳጅ ድርጅት መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ለሜክሲኮ መንግሥት ነዳጅ የሚፈልጉት ፔንፊልድና ካማርጎ ዩካታን ዳርቻ ላይ በባሕርና በምድር የተቀበረ ግዙፍ ክብ አይተው በ1981 በአንድ የሙያ ስብሰባ ላይ ተናግረዋል። የዳይኖሰሮቹን ገዳይ የሚፈልጉት ያንን ስብሰባ አልተካፈሉም፤ የነዳጅ ሰዎቹም የእነርሱን ጽሑፍ የሚከታተሉ አልነበሩም። በመጨረሻ በአንድ ጋዜጠኛ በኩል ተገናኙ። በ1991 ቺክሹሉብ በሚል ስም ታተመ፤ ስፋቱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል።

ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዚያ ቀን የሆነው ይኸው ነው። ድንጋዩ ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ አረፈ። ከታች ያለው አለት በሰልፈር የበለጸገ ነበር፤ ተንኖ ወደ ሰማይ ወጣ። የባሕረ ሰላጤው ውኃ እንደ ተራራ ተነሣ። ወደ ላይ የተረጨው ፍርስራሽ ተመልሶ ሲወርድ አየሩን እንደ ምጣድ አጋለው። ከዚያ ጥቀርሻውና የሰልፈሩ ጉም ፀሐይን ሸፈናት፤ ወራት ሆነ፣ ዓመታት ሆነ። ቅጠል ሳይኖር ቅጠል በሊታው፣ እርሱ ሳይኖር ሥጋ በሊታው ሞተ። ከአራት የሕያዋን ዝርያ ሦስቱ ጠፉ። ከዳይኖሰር ወገን የተረፉት ወፎች ብቻ ናቸው፤ ጓሮ የምትጭረው ዶሮ ከተራፊዎቹ ትወለዳለች። ከጉድጓድ ለጉድጓድ የሚሹለከለኩ ትንንሽ አጥቢዎችም ተረፉ። እኛ የእነዚያ ነን። ፍጻሜ የሆነው ለሌላ ነው፤ ለእኛ መጀመሪያ ነበር።

ድሮ የሆነ ነው የሚለውን መጽናኛ ደግሞ ጁፒተር ነጠቀችን። በ1993 ሹሜከር፣ ባለቤቱ ካሮሊንና ዴቪድ ሌቪ የተሰባበረች ጅራታም ኮከብ አገኙ፤ ስሌቱ ሲሠራ ጁፒተር ላይ እንደምትወድቅ ታወቀ። በጁላይ 1994 ለስድስት ቀን ስብርባሪዎቹ ተራ በተራ ወደቁ፤ ዓለም በቴሌስኮፕ ቆማ አየች። አንዱ ብቻውን የጣለው ጥቁር ጠባሳ ምድርን የሚያክል ነበር። ሹሜከር በወጣትነቱ ጨረቃ ላይ ልውጣ ብሎ በሕመም ምክንያት የቀረ ሰው ነው። በ1997 አውስትራልያ ውስጥ ጉድጓድ ሲፈልግ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ከአስከሬኑ አመድ ጥቂቱ በመንኮራኩር ተጭኖ ጨረቃ ላይ ዐረፈ።

ከጁፒተር በኋላ ፖለቲከኞችም ነቁ። በ1998 ናሳ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሆኑትንና ወደ ምድር የሚቀርቡትን አስትሮይዶች ከመቶ ዘጠናውን በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲያገኝ ግዴታ ተቀበለ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አንድ አስትሮይድ በ2028 እጅግ ተጠግቶ ያልፋል፣ የመጋጨት ዕድሉም ፈጽሞ የለም አይባልም የሚል መግለጫ ወጥቶ የጋዜጦች የፊት ገጽ ሆነ። በማግሥቱ ከ1990 የተረፈ የፎቶ ፊልም ተፈልጎ ተገኘ፤ ድንጋዩ ሳይታወቅ ተነሥቶበት ነበር። መንገዱ እንደ ገና ሲሰላ ከጨረቃ ርቀት ሁለት እጥፍ በላይ ርቆ እንደሚያልፍ ታወቀ። ሆሊውድ በዚያ ክረምት ምድርን የሚያድኑ ጀግኖችን በቦምብ አስታጥቆ ሲያሳየን፣ እኛም ቪዲዮ ቤት ተጋፍተን ስናይ፣ እውነተኛው አዳኝ አቧራ የለበሰ የመዝገብ ሳጥን ነበር። ይህ ነገር ተደጋግሟል። በዲሴምበር 2004 አፖፊስ የተባለው፣ ሦስት የኳስ ሜዳ ተቀጣጥሎ የሚያክለው አስትሮይድ ኤፕሪል 13 ቀን 2029 ምድርን የመግጨት ዕድሉ ከመቶ 2.7 ደረሰ፤ እንዲህ ያለ ከፍተኛ ቁጥር ታይቶ አይታወቅም ነበር። በዚያው ሳምንት የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ስለ ደረሰ ዓለም አላየውም። ከዘጠኝ ወር በፊት የተነሡ ፎቶዎች ሲገኙ ያ ቁጥር ዜሮ ሆነ።

አሁን ወደ ጎረቤታችን እንምጣ። ኦክቶበር 6 ቀን 2008፣ በእኛ መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ የሥነ ፈለክ ሰው የሆነው ሪቻርድ ኮዋልስኪ አሪዞና ላይ በቴሌስኮፕ አንዲት አራት ሜትር የምታክል ድንጋይ አየ። ስሌቱ የትም አትሄድም፤ በ20 ሰዓት ውስጥ ሰሜን ሱዳን ላይ ትወድቃለች የሚል ነበር። ከሰማይ የሚወድቅ ነገር ሳይወድቅ ሲታወቅ ይህ በታሪክ የመጀመሪያው ነው። በማግስቱ ማለዳ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ፣ ሰው ከሱብሒ ሶላት በሚመለስበት ሰዓት፣ የኑቢያ በረሃ ሰማይ በራ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይበር የነበረ የኔዘርላንድስ አውሮፕላን አብራሪ ተነግሮት ስለ ነበር ብልጭታውን ጠብቆ አየ። በታኅሣሥ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህርና ተማሪዎች ከሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፒተር ጄኒስከንስ ጋር ሆነው በረሃ ወረዱ። መሣሪያቸው ዓይናቸው ነበር፤ በሰልፍ ተደርድረው አሸዋውን እያሰሱ ሄዱ። ጥቁር ስባሪ እዚህም እዚያም ተገኘ፤ በኋላ ብዛቱ 600 ደረሰ፤ በአንዳንዱ ውስጥ ከዓይን የሚሰወር አልማዝ ነበር። ድንጋዩ የተሰየመው በአቅራቢያው ባለው የባቡር ጣቢያ ነው፦ አልመሐጣ ሲታ፣ ጣቢያ ስድስት።

የሱዳኑ ስኬት ግን እንዳያኮራ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 መጣ። የዓለም ሊቃውንት በዚያ ቀን በቅርብ የሚያልፍ አንድ የታወቀ አስትሮይድ ሊያዩ ተዘጋጅተው ሳለ፣ ሌላው ከፀሐይ አቅጣጫ፣ ማንም ሳያየው፣ ቼልያቢንስክ በምትባል የሩስያ ከተማ ሰማይ ላይ ፈነዳ። 20 ሜትር ያህል ነበር፤ ጉልበቱ ግን የሂሮሽማን ቦምብ ከሃያ እጥፍ በላይ ያህላል። ብርሃኑ ሲታይ ሰው ሁሉ ለማየት ወደ መስኮት ሮጠ። ድምፅ ከብርሃን ይዘገያል፤ ግፊቱ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆይቶ ደረሰና መስታወቱን ሁሉ በፊታቸው ላይ አፈረሰው። 1,500 ያህል ሰው ቆሰለ፤ አንድም አልሞተም። አንዲት መምህርት ብልጭታውን ባየች ጊዜ አርባ ምናምን ተማሪዎቿን ከጠረጴዛ ሥር አስገባች፤ እነርሱ ሳይጫሩ እርሷ በመስታወት ቆሰለች። ከመስኮት ራቁ የምትለው ምክር ከዚያ ቀን የተገኘች ናት፤ ያዙልኝ።

ማየት አንድ ነገር ነው፤ መመለስ ሌላ። መስከረም 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ምሽት መስቀል አደባባይ ደመራ ተለኮሰ። ደመራው ወደ የት ወደቀ ብለው የዓመቱን ጠባይ የሚያነቡ ሽማግሌዎች እንደ ወትሮው አነበቡ። ፍሙ ገና ሳይጠፋ፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ፣ ከምድር 11 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ዳርት የተባለው የናሳ መንኮራኩር በሰከንድ ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ዲሞርፎስ የምትባል 160 ሜትር ያህል ድንጋይ ላይ ሆን ብሎ ተከሰከሰ። ዲሞርፎስ ለእኛ አታሰጋም፤ የተመረጠችው ሌላዋን ትልቅ ድንጋይ ስለምትዞር፣ ለውጡም በሰዓት ስለሚለካ ነው። አንድ ዙር 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅባት ነበር። ሙከራው ተሳክቷል ለማለት 73 ሰከንድ ቢቀነስ ይበቃ ነበር፤ የተቀነሰው 33 ደቂቃ ሆነ። የሰው ልጅ በሰማይ የሚሄድን አካል መንገድ ሲለውጥ ያ የመጀመሪያው ነው፤ እኛ ጋ የመስቀል ሌሊት ነበር።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ቺሊ ውስጥ ያለ ቴሌስኮፕ አንዲት ድንጋይ አየ፤ ስሟ በፊደልና በቁጥር ብቻ የሆነ፣ ከ40 እስከ 90 ሜትር የምትገመት። በ2032 ዲሴምበር 22፣ በእኛ ታኅሣሥ 13 ቀን 2025 ዓ.ም.፣ ምድርን የመግጨቷ ዕድል በየሳምንቱ ይወጣ ጀመር፤ በየካቲት ከመቶ 3.1 ደረሰና የአፖፊስን ክብረ ወሰን ሰበረ። ልትወድቅባቸው የምትችላቸው አገሮች መስመር ሲሰመር ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ አትላንቲክን አቋርጦ ናይጄሪያን፣ ሱዳንን፣ ኢትዮጵያን ነክቶ ወደ ሕንድ ይዘልቅ ነበር። በዚህ ሁሉ ታሪክ የአገራችን ስም በአደጋ ዝርዝር ውስጥ ሲጠራ ያኔ ሰማሁ። ወሬው ግን እኛ ጋ እምብዛም አልተናፈሰም፤ ከዕለት ኑሯችን ጋር ለመወዳደር ስምንት ዓመት ያህል ሩቅ ነው። በቀናት ውስጥ አዲስ ልኬት ሲመጣ ቁጥሩ ቁልቁል ወረደ፤ የየካቲት ወር ሳያልቅ ከምንም አይቆጠርም ተባለ።

እስከ ዛሬ ወደ ምድር የሚቀርቡ ከ30,000 በላይ አስትሮይዶች ተመዝግበዋል። እንደ ቺክሹሉቡ ዓለም አጥፊ የሆኑት ትልልቆቹ ከሞላ ጎደል ታውቀዋል፤ በመጪው መቶ ዓመት ቀጠሮ ያለው የለም። ከተማ ወይም ክፍለ ሀገር የሚያጠፉት፣ ከ140 ሜትር በላይ የሆኑት ግን የተገኙት ከግማሽ በታች ናቸው። ስለዚህ ፍጻሜውን ከፈራን መፍራት ያለብን ያልቆጠርነውን ነው።

የተቆጠረው አንዱ ግን መንገድ ላይ ነው። አፖፊስ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. አርብ ሌሊት ይመጣል። ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ ከሚያየው ሳተላይት እንኳ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ አይነካንም። ከአፍሪካና ከአውሮፓ ያለ መነጽር የሚታይ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ኮከብ ይመስላል። ለምድር እጅግ የሚቀርበው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሊሞላ ሩብ ያህል ሲቀር ነው። ሰማዩ ከጠራ ከከተማ መብራት ራቅ ብላችሁ፣ ጋቢ ደርባችሁ፣ ልጆቹን ቀስቅሳችሁ ውጡ።